የፓኪስታን የቴከን ተጫዋቾች ማዕረግ እንዴት እንደ ተጻፈ

መግቢያ

በአንድ አገር ውስጥ በአንድ ጨዋታ የላቁትን ሰዎች በተራ መጻፍ ቀላል ሥራ ይመስላል። አሸናፊውን ከላይ፣ ተሸናፊውን ከታች ማስፈር ነውና። ነገር ግን ዝርዝሩን ማን ጻፈው? በምን ማስረጃ ጻፈው? ማንንስ ሳያይ ቀረ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ነገሩ የጨዋታ ወሬ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ጥያቄም መሆኑን ይረዳዋል። የነገሥታት ዝርዝር ቢሆን የግብር መዝገብም ቢሆን የተጻፈበት ምክንያትና ጸሐፊው የቆመበት ቦታ ካልታወቀ በትክክል ሊነበብ አይችልም። የተጫዋቾችም ዝርዝር እንደዚሁ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመረምረው የፓኪስታንን የቴከን ተጫዋቾች ጉዳይ ነው። እነዚህ ሰዎች እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ በዓለም የማዕረግ ዝርዝር ራስጌ ላይ ስማቸው አይገኝም ነበር። በ2019 ግን ከመካከላቸው አንዱ የዓለምን ታላላቅ ተጫዋቾች በተከታታይ አሸነፈ፤ ከዚያም ወዲህ የፓኪስታን ስም ከኮሪያና ከጃፓን ጋር አብሮ የሚጠራ ሆነ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ የተለወጠው የሰዎቹ ችሎታ ነው ወይስ ዝርዝሩ? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ስለ ጨዋታው ባሕርይ

ቴከንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ተጫዋቾቹ ሁለት ናቸው። በስክሪን ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከብዙ ተፋላሚዎች መካከል አንዱን መርጠው በእጃቸው በያዙት መቈጣጠሪያ ያዋጉታል። የአንዱ ተፋላሚ ኀይል በቡጢና በእርግጫ ተመትቶ ሲያልቅ አንድ ዙር ይፈጸማል። በትልልቅ ውድድሮች ሦስት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ አንድ ጨዋታ ያገኛል፤ እንደ ውድድሩም ደንብ ሁለት ወይም ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል።

የዚህ ዓይነት የድብድብ ጨዋታ በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1991 «ስትሪት ፋይተር 2»ን ካወጣ በኋላ ነው። ቴከንን ያወጣው ናምኮ የተባለው ሌላ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቴከን በ1994 በጌም ቤቶች ገባ። ሰባተኛው ቴከን በ2015 በጌም ቤት፣ በ2017 ደግሞ ለቤት መጫወቻ ሆኖ ወጣ፤ ስምንተኛው በጥር 2024 ተከተለ።

ጨዋታው በዕድል የሚካሄድ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ጊዜ ይለዋወጣል፤ የእያንዳንዱም ምት ፍጥነት በዚሁ በሰከንድ 60ኛ ክፍል ይለካል። በቴከን ውስጥ ፈጣን የሚባለው ተራ ቡጢ ለመድረስ 10 ክፍል ይፈጅበታል። አንድ ሰው የሰነዘረው እርግጫ ሲመከትበት 10 ክፍል ወይም ከዚያ በላይ የሚያዘገየው ከሆነ፣ ባላጋራው ያንን ቡጢ ያለ ጥርጥር ያሳርፍበታል። ይህን ስሌት በመጽሐፍ ማጥናት ይቻላል። ነገር ግን ባላጋራው ምን እንደሚያስብ አስቀድሞ ማወቅ የሚገኘው ከብርቱ ሰው ጋር ደጋግሞ በመጋጠም ብቻ ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚያድግ ተጫዋች የለም። አንድ ታላቅ ተጫዋች ከወጣበት ሰፈር፣ ያሳደጉት ሌሎች ብርቱዎች ሊኖሩ ግድ ነው። ይህ ነጥብ ለክርክራችን መሠረት ስለሆነ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እለምናለሁ።

ማዕረግ የተለካባቸው አራት መንገዶች

የመጀመሪያው መለኪያ የጌም ቤቱ ነው። ሰው ሳንቲሙን አስገብቶ ይቀመጣል፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ እንደ ተቀመጠ ይቆያል። ከጧት እስከ ማታ ያልተነሣው ሰው አለቃ ነው። ምስክሮቹ ከኋላ የቆሙት ተራ ጠባቂዎች ናቸው። ይህ ዓይነቱ ማዕረግ እጅግ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም የሚተላለፈው በአፍ እንጂ በጽሑፍ ስላልሆነ ከከተማው ወሰን አያልፍም።

ሁለተኛው የውድድር መለኪያ ነው። ዛሬ «ኤቮ» የሚባለው ታላቁ የድብድብ ጨዋታዎች ጉባኤ በ1996 በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በሰኒቬል ከተማ 40 ያህል ሰዎች ተሰብስበው ባደረጉት ውድድር ተጀመረ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2002 ነው። በዚህ ውድድር አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ወዲያው አይሰናበትም፤ ወደ ተሸናፊዎች ወገን ይወርድና እንደገና ሲሸነፍ ይወጣል። ደንቡ ለመልካም ተጫዋች ምሕረት ያደርጋል። ሆኖም የድልድሉ አዘጋጆች ብርቱዎቹ ገና በመጀመሪያ እንዳይገናኙ የሚለያዩዋቸው በቀድሞ ውጤታቸው ስለሆነ፣ ቀድሞ ውጤት ያልተጻፈለት እንግዳ ከማንም ጋር ሊወድቅ ይችላል።

ሦስተኛው የነጥብ መለኪያ ነው። በ2017 «የቴከን የዓለም ዙር» ተቋቋመ። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ውድድሮች እንደየትልቅነታቸው ነጥብ ይሰጣሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ነጥብ የሰበሰቡት ለፍጻሜው ይጠራሉ። የ2017ን ፍጻሜ ቁዳንስ፣ የ2018ን ራንግቹ አሸነፉ፤ ሁለቱም የኮሪያ ሰዎች ናቸው። በሁለቱም ዓመታት ለፍጻሜው ከተጠሩት መካከል አንድም ፓኪስታናዊ አልነበረም። የነጥቡ ሥርዓት ትጉህን ሰው የሚክስ መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ከሚቈጥረው ድል አስቀድሞ የሚቈጥረው ጉዞን ነው። ወደ ባንኮክ፣ ወደ ቶክዮ፣ ወደ ላስ ቬጋስ ያልሄደ ሰው ነጥብ የለውም።

አራተኛው በስሌት የሚሠራው መለኪያ ሲሆን፣ የተገኘው ከቼዝ ነው። አርፓድ ኤሎ የተባሉ የፊዚክስ መምህር ያዘጋጁትን ሥርዓት የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ የዓለሙ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1970 ተቀበሉት። ሥርዓቱ ብርቱን ያሸነፈ ብዙ፣ ደካማን ያሸነፈ ጥቂት እንዲያገኝ ያደርጋል። ብልኅ ዘዴ ነው። ሆኖም አንድ ትልቅ ገደብ አለበት፤ እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ማኅበሮች ቢኖሩ የአንዱን ቍጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይቻልም። በአንዱ ማኅበር 2000 ያገኘ ሰው በሌላው 2000 ካገኘው ሰው ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ፣ ማለት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ተጫዋች ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከአራቱ መለኪያዎች መካከል አገር ውስጥ የሚቀረውን ሰው የሚያየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሦስቱ ግን ድንበር ከተሻገረው በቀር ለማየት አይችሉም።

ላሆርና የ2019 ዓመት

በፓኪስታን የድብድብ ጨዋታ የተስፋፋው በከተሞች ጌም ቤቶች ውስጥ ነበር። በተለይ «ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ» የተባለው የጃፓን ጨዋታ ብዙ ወዳጅ አግኝቶ ነበር። በ1995 የተወለደው የላሆሩ አርስላን ሲዲቅም የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። «አርስላን አሽ» የተባለበት የጨዋታ ስሙ ከዚያው ጨዋታ ተፋላሚዎች አንዱ ከሆነው የተወሰደ ነው። ኋላም ወደ ቴከን ተሻግሮ፣ በዚያው በጌም ቤት ልማድ፣ ማለት በተደጋጋሚና በረጅም ግጥሚያ ራሱን አሠለጠነ።

ለእነዚህ ወጣቶች ትልቁ ባላጋራ በስክሪኑ ውስጥ አልነበረም። የፓኪስታን ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ብዙ አገሮች ለመግባት ቪዛ መለመን አለበት፤ ቪዛው ይዘገያል፣ አንዳንድ ጊዜም ይከለከላል። የአውሮፕላኑ ዋጋ ደግሞ ደመወዝተኛ ላልሆነ ወጣት ከባድ ነው። አርስላን በየካቲት 2019 በጃፓን ፉኩኦካ ወደ ተደረገው ኤቮ ጃፓን የደረሰው በቪዛና በበረራ ችግር ብዙ ተንገላቶ ነው። ደርሶ ግን አሸነፈ። በመጨረሻው ግጥሚያ የረታው ከፊሊፒንስ የመጣውን ኤኬ የተባለውን የታወቀ ተጫዋች ነው።

ከዚህ ድል ይልቅ ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅመው ከድሉ በኋላ የተናገረው ነገር ነው። አርስላን በአገሩ እንደ እርሱ ያሉ፣ እርሱን ራሱን የሚያስቸግሩ ሌሎች ተጫዋቾች መኖራቸውን ገለጸ። የሰማው ሰው በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ የአገር ወዳድ ፉከራ ነው አለ፤ ገሚሱ ደግሞ ሊሆን ይችላል ብሎ ተጠራጠረ። በእጅ ያለ ማስረጃ ግን አልነበረም፤ የሚያስረዱት የላሆር ጌም ቤቶች ምስክሮች ብቻ ነበሩና።

ድልድዩን የሠራው ኮሪያዊ ነው። ቤ ጄሚን፣ በጨዋታ ስሙ «ኒ» የሚባለው፣ ብዙዎች በቴከን ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ተጫዋች የሚሉት ሰው ነው። በዚያው በ2019 ተነሥቶ ራሱ ወደ ፓኪስታን ሄደ። እዚያም ከአገሩ ተጫዋቾች ጋር በረጅም ግጥሚያ ተጋጠመ፤ በአርስላን ብቻ ሳይሆን በሌሎችም ተረታ። የሰው ነገር ሲታሰብ ይህ ጉዞ የሚያስመሰግን ነው። ስሙ በዝርዝሩ ራስ ላይ ያለ ሰው፣ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌሉት ዘንድ ሊማርና ሊሸነፍ መሄዱ ትሕትናን ይጠይቃል። ከታሪክ አንጻር ሲታይ ደግሞ የአፍ ወግ በሌላ ወገን ምስክር ተረጋገጠ ማለት ነው። ቀድሞ የተራራቁት ሁለት ማኅበሮች በአንድ ሰው ጉዞ ተገናኙ።

በነሐሴ 2019 በላስ ቬጋስ በተደረገው ኤቮ አርስላንና ቤ ጄሚን በመጨረሻው ግጥሚያ ተገናኙ፤ አርስላን አሸነፈ። በአንድ ዓመት ሁለቱን ኤቮ በማሸነፉም ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. የዓመቱ የኤሌክትሮኒክ ስፖርት ምርጥ ተጫዋች አለው።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። አንድ ሰው በአንድ ክረምት እንዲህ አይበረታም፤ ከላይ እንዳልነው ብርቱ ተጫዋች የሚወጣው ከብርቱዎች መካከል ነውና፣ የላሆር ችሎታ ከ2019 አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት እዚያው ነበረ። የተለወጠው ዝርዝሩ ነው።

ተቃራኒው ስሕተት

ይሁን እንጂ ዝርዝሩን የነቀፈ ሰው ወደ ሌላው ጫፍ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ይገባዋል። ከ2019 በኋላ በላሆር መንገድ የሚያልፈው ወጣት ሁሉ የዓለም አሸናፊ ይመስል የተነገረው ብዙ ነው። ይህም ማስረጃ የለውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በባንኮክ በተደረገው የዓለም ዙር ፍጻሜ ዋንጫውን የወሰደው ጃፓናዊው ቺኩሪን ነው፤ አርስላን ወደ መጨረሻው ግጥሚያ አልደረሰም። ያልታየ ሰው ደካማ ነው ማለት ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ያልታየ ሰው ብርቱ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ያልታየ ሰው ያልታየ ነው።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ኤቮም የዓለሙ ዙርም በመቋረጣቸው ለጊዜው የሚታይ ነገር አልነበረም። መንገዱ እንደገና ሲከፈት ግን የአርስላን ቃል ፉከራ አለመሆኑ ተገለጠ። በየካቲት 2023 በአምስተርዳም በተፈጸመው የ2022 የዓለም ዙር ዋንጫውን የወሰደው ሌላው ፓኪስታናዊ አቲፍ ባት ነው። በዚያው በ2023 አርስላን ኤቮ ጃፓንንም የላስ ቬጋሱን ኤቮም ዳግመኛ አሸነፈ። በሪያድ በተደረገው የአገሮች ግጥሚያ ደግሞ አርስላን፣ አቲፍና ካን የተባለው ተጫዋች የነበሩበት የፓኪስታን ቡድን በመጨረሻው ኮሪያን ረታ። ይህ የመጨረሻው ውጤት ከሁሉ ይልቅ ይመሰክራል፤ አንድ ሰው ዕድል ሊቀናው ይችላል፣ ቡድን ግን የአገርን ስፋት ያሳያል። በ2024 በአዲሱ በቴከን 8 የላስ ቬጋሱን ኤቮ ያሸነፈው እንደገና አርስላን ነው።

ማዕረጉ እንዴት ይጻፍ?

ነቅፎ መተው ቀላል ስለሆነ፣ እኔም በበኩሌ ዝርዝሩ እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል አሳቤን ልግለጽ።

አንደኛ፣ በአንድ አገር ልጆች መካከል ማዕረግ ሲሰጥ እርስ በርስ ያደረጉት ግጥሚያ ከውጭ አገር ነጥብ ይቅደም። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ የላሆርን ሰው ከላሆር ሰው አስበልጦ የሚመዝነው የለም። ሁለተኛ፣ ሁለት ጨዋታ ቀድሞ በማሸነፍ ከሚያልቅ አጭር ግጥሚያ ይልቅ እስከ አሥር የሚደርስ ረጅም ግጥሚያ ይመረጥ፤ በአጭሩ ድንገተኛ ብልሃት ያሸንፋል፣ በረጅሙ ግን ዕውቀት ይገለጣል። ሦስተኛ፣ ማስረጃ በማይለያቸው ሰዎች መካከል ቍጥር አይፈጠር፤ በአንድ ረድፍ ይጻፉ።

በዚህ ደንብ ብንሄድ አንደኛው አርስላን ሲዲቅ መሆኑ አያከራክርም። በሁለት ልዩ ልዩ ቴከኖች፣ በአምስት ዓመት ርቀት፣ በጃፓንም በአሜሪካም ማሸነፉ ተረጋግጧልና። ሁለተኛው፣ የዓለሙን ዙር ፍጻሜ ያሸነፈው አቲፍ ባት ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ አዋይስ ሃኒንና ካንን፣ ከእነርሱም ጋር በአገር ውስጥ ብርቱነታቸው የሚመሰከርላቸውን ሌሎች፣ ሦስተኛ አራተኛ ሳልል በአንድ ረድፍ አኖራለሁ። ከዚህ አልፎ ቍጥር የሚሰጥ ሰው የሚቈጥረው ችሎታን ሳይሆን የበረራ ቲኬትን ነው።

አራተኛውን ደንብ ያስተማረኝ ግን ቴከን አይደለም። በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት በየመንፈቁ መጨረሻ የተማሪዎች ተራ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። አንድ ጊዜ ከክፍላችን ብርቱ የነበረው ልጅ ወባ ታሞ ሁለት ፈተና አለፈው፤ ያልተፈተነባቸው ዜሮ ሆነው ስለ ተደመሩ ስሙ ከመጨረሻው ሦስተኛ ሆኖ ወጣ። ሰሌዳውን አይቶ ምንም አልተናገረም። ነገር ግን በሚቀጥለው መንፈቅ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ ጥያቄ ሲጠየቅም እጁን ማንሣት ተወ። በኋላ አንድ መምህራችን ነገሩን አስተውለው በቍጥሩ ፋንታ በቀይ ቀለም «አልተፈተነም» ብለው ጻፉለት። ያች አንዲት ቃል ከብዙ ምክር ይልቅ ረዳችው።

እንግዲህ አራተኛው ደንብ ይህ ነው፤ ያልታየው ሰው ከታች አይጻፍ፣ «አልተፈተነም» ተብሎ ይጻፍ። በ2018 በተጻፈው ዝርዝር በፓኪስታን አንጻር ይህች ቃል ተጽፋ ቢሆን ኖሮ፣ የ2019 ነገር ለማንም ድንገተኛ ባልሆነ ነበር፤ ምናልባትም ወደ ላሆር የሚሄደው ሰው አስቀድሞ በሄደ ነበር።

መደምደሚያ

የማዕረግ ዝርዝር ሁለት ነገር ይነግረናል። በፊደሉ ማን እንዳሸነፈ ይነግረናል፤ በባዶው ቦታ ደግሞ መንገዱ ለማን እንደ ተዘጋ ይነግረናል። የታሪክ ተማሪ ሁለቱንም ማንበብ አለበት። ስሙ የሌለበት ወጣትም ዝርዝሩን ሲያይ ተፈርዶብኛል ብሎ መቈጣጠሪያውን እንዳያስቀምጥ፣ ፍርዱ ገና አለመሰጠቱን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። በላሆር ጌም ቤት ከኋላ ቆመው ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ማን ብርቱ እንደ ሆነ ሁልጊዜ ያውቁ ነበር፤ ዝርዝሩን የጻፉት ግን አልጠየቋቸውም።